ወጣቱ፣ ፓርቲውና የምርጫ ካርዱ፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ለብድርና ለመሥሪያ ሼድ አመልክተናል። ሰሞኑን ከቀበሌ የመጣ አደራጅ «መጀመሪያ የወጣት ሊጉን ፎርም ሙሉ፤ ከዚያ ፋይላችሁ ይንቀሳቀሳል» አለን። ብፈርም ድምፄን አስረከብሁ ማለት ነው? ባልፈርምስ ምን ይገጥመኛል? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ብድሩና ሼዱ የመንግሥት ናቸው፤ ፎርሙ የፓርቲ ነው። በአንድ ሰው እጅ ስለመጡ አንድ መስለው ታዩህ እንጂ በሕግ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ገዢ ፓርቲ በእኛ አገር ወጣቱን የሚያባብልበት ዋናው መንገድም ይኸው ነው፤ ወጣቱ እንደ ዜጋ የሚገባውን መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ብድርና ሼድ የፓርቲ ችሮታ አስመስሎ ማቅረብ።

መነሻውን ማወቅ ይጠቅምሃል። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ሲወስድ ኢሕአዴግ ክፉኛ ደነገጠ። በተከተለው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸው በአጣሪ ኮሚሽኑ ሥራ ታወቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ታሰረ። ከዚያ በኋላ የመጡት የወጣት ሊጉ፣ አንድ ለአምስቱና የጅምላ አባልነቱ ናቸው፤ የፓርቲው አባላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች አደጉ። በ2008 ክረምትም ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ ነሐሴ 1 ቀን እዚሁ ባሕር ዳር ብዙዎች በጥይት ወደቁ። 2009 ሲገባ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ (አዋጅ 995/2009) የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ፈንዱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ሠርቶ የተለወጠበት ወጣት አለ። ነገር ግን ማሰሩና ማባበሉ ተያይዘው እንደሚመጡ ልብ በል። በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። ሩሲያ ውስጥ «ናሺ» የተባለው የወጣት ንቅናቄ የተቋቋመው በጎረቤት ዩክሬን ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የምርጫ ውጤት ባስቀየረ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሀንጋሪ መንግሥት ደግሞ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ሠራተኞችን ከገቢ ግብር ነፃ ያደረገው ከጥር 2022 ጀምሮ ነው፤ ምርጫው የዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ፎርሙ። አናቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። «የወጣቶች ማኅበር»፣ «የፓርቲው ወጣቶች ሊግ» እና «የፓርቲ አባልነት» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አደራጆች ግን ሁሉንም «ፎርም» ብለው ያልፏቸዋል። ልዩነቱ የሚታወቅህ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሁለት ፓርቲ አባል መሆን ስለማይቻል፣ ነገ ለሌላ ፓርቲ የመሥራችነት ፊርማ ብትሰጥ ስምህ ሁለት ቦታ ይገኝና ያኛውን ፓርቲ በማጣራት ላይ ትጎዳዋለህ። አንዱ ለአምስታችሁም እንዳይፈርም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን።

ባትፈርም ፋይሉ ሊጓተት ይችላል፤ ይህን ልንደብቅህ አንፈልግም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። የመጀመሪያው፣ ማመልከቻችሁ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያዙ። ሁለተኛው፣ «ማመልከቻችን ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰና የጎደለ መስፈርት ካለ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል አጭር ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ጻፉ፤ አንዱን ገቢ አስደርጋችሁ ሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱበት። በዚህ የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ ሊጉ አንዲት ቃል አታንሱ። ክስ ከጻፋችሁ ጉዳዩ «አለ፣ አላለም» ክርክር ይሆናል፤ መስፈርት ከጠየቃችሁ ግን ጽሕፈት ቤቱ ወይ መመሪያ መጥቀስ ወይ ዝም ማለት አለበት፣ ዝምታውም በቀን የተመዘገበ ማስረጃ ይሆናችኋል። መልስ ከጠፋ ወደ ክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ።

ብትፈርምስ? ድምፅህ አሁንም የአንተ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት ምርጫ የሚካሄደው በሚስጥር ድምፅ ነው። ዛምቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ ወጣት የገዢውን ፓርቲ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሶ፣ የሚሰጠውን ተቀብሎ፣ ጣቢያ ሲገባ ቀይ መለያ ያለውን ተቃዋሚ መረጠ፤ «ሐብሐብ» ይሏቸው ነበር፣ ውጭው አረንጓዴ ውስጡ ቀይ። ችግር ላይ ያለ ወጣት እንዲህ ቢያደርግ አንፈርድበትም። አባልነቱን ስትተው ግን በቃል አትተው፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈህ የተቀበሉበትን ኮፒ ያዝ።

ስለ ብድሩም አንድ ማስጠንቀቂያ። «በሊግ የመጣ ብድር አይጠየቅም» የሚል ወሬ ብዙ ቡድን አክስሯል። ውሉ የቡድን ዋስትና ካለበት ከአምስታችሁ አንዱ ቢሰወር ዕዳው በአራታችሁ ላይ ይወድቃል፤ አደራጁ ያኔ በቦታው አይኖርም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ደብረ ታቦር ናቸው። የት ነው መመዝገብ ያለብኝ? ጓደኞቼ ሁለቱም ቦታ ካርድ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። (አንዲት ተማሪ)

መልስ፦ ሁለት ቦታ በፍጹም! ሁለት ጊዜ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ ከዚያም በላይ ተቃዋሚን የምትደግፊ ከሆነ ውጤት የሚሰረዝበትን ሰበብ በእጅሽ መስጠት ይሆናል። በምርጫ አዋጁ (1162/2011) ለመመዝገብ 18 ዓመት የሞላው መሆንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ይጠይቃል። ሕጉ ለተማሪዎች፣ ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋምም ይፈቅዳል፤ በእናንተ ግቢ መቋቋም አለመቋቋሙን ከምርጫ ቦርድ ማስታወቂያ ተመልከቺ እንጂ ከተማሪዎች ኅብረት ወሬ አትነሺ።

ለመወሰን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ በድምፅ መስጫው ቀን የት እሆናለሁ? ክረምት መግቢያ ላይ ግቢው ሊዘጋ ይችላል። ባሕር ዳር ተመዝግቦ ደብረ ታቦር የሚገኝ ተማሪ አይመርጥም፤ መንገዱም እንደ ድሮው በፈለጉት ቀን የሚሄዱበት አይደለም። ከተመዘገብሽ በኋላ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ሄደሽ ስምሽን፣ የአባትና የአያት ስምሽን አይተሽ አረጋግጪ፤ የፊደል ስህተት በዚያ ሰዓት በደቂቃ ይታረማል፣ በምርጫው ቀን ግን መዘዙ ብዙ ነው። ካርድሽን «እኔ ልያዝልሽ» ለሚል ማንም ሰው አትስጪ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ወጣት አስተባባሪ ነኝ። አዳራሽ እንከለከላለን፣ ያከራየን ባለሆቴል በማግስቱ ተደውሎለት ይሰርዛል። ወጣቱ በስልክ ይደግፈናል፣ በአካል ግን አይመጣም። ብዙ አባል በአጭር ጊዜ እንዴት እናፍራ?

መልስ፦ ጥያቄህን ብንቀይረው ይሻላል፤ ብዙ አባል ለምን ፈለግህ? ፓርቲው ገና እየተመዘገበ ከሆነ ቁጥሩ በሕግ የታወቀ ነው፤ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000፣ ለአገር አቀፍ 10,000 መሥራች አባላት። ያን ካለፋችሁ በኋላ ግን የአባል ቁጥር ማሳደድ የገዢውን ፓርቲ መንገድ መከተል ነው፤ በዚያ መንገድ ደግሞ አትበልጡትም፣ እሱ ሼድና ደሞዝ አለው። አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) በሰኔ 2010 እዚሁ ከተማ ሲመሠረት የሳበው ወጣት ብዙ ነበር፤ በ2013ቱ ምርጫ ግን ፌዴራል ምክር ቤት የገባው በ5 መቀመጫ ነው። አዳራሽ የሞላ ወጣት ሁሉ ጣቢያ ላይ አይገኝም።

የምትፈልገው ሰው በልክ ይታወቃል። አንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይይዛል። በምርጫ ክልላችሁ 100 ጣቢያ አለ እንበል። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ነው፣ ቆጠራው ከዚያ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ለአንድ ጣቢያ ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን የሚከታተሉ፣ የሚፈራረቁ ሁለት የፓርቲ ወኪሎች፣ በድምሩ 200፣ ለሚቀሩትና ለሚታሰሩት መጠባበቂያ 20 ያስፈልጋል። እነዚህ 220 ወጣቶች ከ5,000 የቴሌግራም ተከታይ ይበልጡብሃል።

ሥልጠናቸው አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ዋናው ትምህርት ሂሳብ ነው። ጣቢያው ሲከፈት ስንት ድምፅ መስጫ ወረቀት እንደገባ፣ ሲዘጋ ስንት ሰው እንደፈረመ፣ ስንት ወረቀት ሳይሠራበት እንደተረፈና ስንት እንደተበላሸ መመዝገብ። ለምሳሌ 1,500 ገብቶ 1,120 ሰው ከፈረመ፣ 372 ከተረፈና 8 ከተበላሸ ሂሳቡ ገጥሟል፤ ሳጥኑ ውስጥ ከ1,120 በላይ ከተገኘ ግን አንድ ነገር ተፈጽሟል። ወኪሉ ይህን በቅጹ ላይ በጽሑፍ ማስመዝገብ አለበት። ብዙዎቹ ቅሬታዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ወኪሉ ይጮኻል፣ ይወጣል፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም። ከጣቢያው ቅሬታ ሰሚ የጀመረ ሰነድ ከሌለ ላይኛው አካልም ፍርድ ቤትም የሚያየው ነገር አያገኝም። ውጤቱ ጣቢያው ላይ ሲለጠፍ በእጅ ይገልብጥ፣ ፎቶም ያንሳ፣ በጽሑፍ መልእክት ይላክ። በኢንተርኔት ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ አታውጡ። በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃለህ፤ ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. ጥር 2021 በምርጫው ዋዜማ ዘግታ ሰዎች ሲመርጡም ሲቆጠርም አልከፈተችም።

ስለ አዳራሽ፦ በአዋጅ 3/1983 ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ለማድረግ የሚጠበቅባችሁ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ለከተማው አስተዳደር ታስገባላችሁ፤ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መመለስ አለበት። ደብዳቤውን አርብ ከሰዓት አታስገቡ፤ ሰዓቱ በቅዳሜና እሑድ ያልቅና «አልደረሰንም» ትባላላችሁ። ወረቀቱ ይህን ቢልም በተግባር ምን እንዳለ እናውቃለን። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ 2016 ግንቦት መጨረሻ የቆየው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስብሰባ የመከልከል ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ አዋጁ ካበቃ በኋላም ውጊያው ባለመቆሙ «የጸጥታ ችግር» የሚለው መልስ አልቀረም። ስለዚህ በትልቁ አዳራሽ ላይ ሙጭጭ አትበሉ። አምስት አምስት ሰው በየቤቱ ቡና ላይ መወያየት ይችላል፤ ለወኪል ሥልጠናም አሥር ሰው የሚይዝ ክፍል ይበቃል። ባለሆቴሉን አትቀየሙት፤ ኪራዩን አስቀድማችሁ አትክፈሉ እንጂ።

የስም ዝርዝራችሁን አያያዝ ግን በጣም ያሳስበናል። ሙሉ ስም፣ ስልክና ሰፈር በአንድ ፋይል በአስተባባሪው ስልክ ላይ ተቀምጦ፣ ያ ስልክ ኬላ ላይ ሲፈተሽ መቶ ቤተሰብ አደጋ ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው ከአምስት በላይ ሰው አይወቅ፤ መሥራች ላልሆነ ደጋፊ ሰፈርና የምርጫ ጣቢያ ቁጥር ብቻ ይበቃል፣ የመታወቂያ ፎቶ አትሰብስቡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም የሰበሰባችሁትን የመጠበቅ ኃላፊነት በእናንተ ላይ ይጥላል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተማሪ በማንኛውም ሥራ አታሳትፉ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ 18 አልሞላቸውም።

የፓርቲያችሁ ሥራ ከታጣቂ ምልመላ ጋር እንዳይምታታ ተጠንቀቁ። በመንግሥትና በፋኖ መካከል ውጊያ ባለበት ክልል ወጣት ሰብስቦ የሚያናግር ሰው በሁለቱም ወገን ይጠረጠራል። የፓርቲውን ደብዳቤ ሁልጊዜ ያዙ፣ በማታ አትንቀሳቀሱ፣ ገጠር ስትወጡ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሰው ከታሰረ የተያዘበትን ሰዓት፣ ቦታና ወዴት እንደተወሰደ የሚመዘግብ አንድ ሰው፣ አንድ ጠበቃም አስቀድሞ ይታወቅ። የታሰረ ሰው ለጉዞ ከሚወስደው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19)። መብቱ እንደሚጣስ እናውቃለን፤ ከአብን የተመረጡት የምክር ቤት አባል ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ሲታሰሩ ያለመከሰስ መብታቸው አልተነሳም ነበር፣ የተነሳው ከወራት በኋላ ነው። ሰዓቱን መመዝገብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ አለው። ከአንድ ፓርቲ ወጣቶች የተዘጋጀ ጽሑፍ እየላኩ እንዲያነብላቸው የሞባይል ካርድ ይሞሉለታል። ልከልክለው? (አንዲት እናት፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እናቴ፣ ፓርቲ መደገፉን አይከልክሉት፤ መብቱ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ በራሱ ፊት ማንበቡን ግን ያስቁሙት። በአዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ወንጀል ናቸው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ስሙ የትም የለም፤ ፊቱም ድምፁም የልጅዎ ነው። አምስት መቶ ብር ለማይሞላ ካርድ ይህን መሸከም የለበትም።

መናገር ከፈለገ ያየውን ይናገር፤ የሰፈሩን የውኃ መቆራረጥ፣ የትራንስፖርት ዋጋ፣ ፓርቲዎቹ ስለዚያ ምን እንዳሉ። ስለ ሰው ሞት፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ጦር እንቅስቃሴ የመጣለትን ጽሑፍ ግን ከየትኛውም ወገን ቢሆን አያንብብ። ድምፅ መስጫው ቀን ሲቀርብ ደግሞ ቅስቀሳ በሕግ ከአራት ቀን በፊት ይቆማል፤ በእነዚያ ቀናት ገጹን ዝም ያሰኘው።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ተመረጠም አልተመረጠም ያው ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን ብዬ ሥራ ፈትቼ ልሰለፍ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ቁጥሩ ከአንተ ጋር ነው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ሁሉንም ወሰዱ፤ በ2013 ብልጽግና ከ436ቱ 410ሩን አገኘ። አንድ ድምፅ ይህን አይለውጥም።

ሆኖም የእነዚህ ውጤቶች አንዱ ምክንያት አፈና ብቻ ሳይሆን የምርጫ ሥርዓቱም ነው። በእኛ ሕግ በምርጫ ክልሉ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። ከ100 ድምፅ ገዢው 38፣ አንዱ ተቃዋሚ 34፣ ሌላው 28 ቢያገኙ መቀመጫው የ38ቱ ነው፤ የ62ቱ ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ማንን እወዳለሁ» ብቻ ሳይሆን «በእኔ ክልል የማሸነፍ ዕድል ያለው ተቃዋሚ ማን ነው» ብለህ ጠይቅ። ጓደኞችህ በሁለት በሦስት ዕጩ ከተከፈሉ ከምርጫው በፊት ተነጋገሩ፤ ዕጩዎቹንም ተስማሙ በሏቸው፣ ለዚህ የወጣት ግፊት ይሠራል።

የወጣት ድምፅ መንግሥት የቀየረባቸው ቦታዎችም አሉ። ዛምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ሀካይንዴ ሂቺሌማ ፕሬዚዳንት ሉንጉን በአንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ልዩነት አሸነፈ፤ ከተመዘገበው መራጭ ከግማሽ በላይ ወጣት ነበር፣ ልዩነቱም ለማጭበርበር አስቸገረ። ሴኔጋል ላይ ፓስቴፍ ፓርቲ በ2023 ፈረሰ፣ መሪው ሶንኮ ከዕጩነት ተከለከለ። ምትኩ ባሲሩ ፋይ ከእስር በወጣ በአሥር ቀን፣ በመጋቢት 2024 በመጀመሪያው ዙር 54 በመቶ ያህል አግኝቶ አሸነፈ። በሁለቱም አገር ፍርድ ቤትና የምርጫ ኮሚሽን ከእኛው የተሻለ አቅም ነበራቸው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ እናታልልሃለን። ዘጌ ላይ በምርጫው ቀን ተኩስ ካለ ደግሞ አትሂድ፤ ሕይወትህ ከካርዱ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ምልክት ያደረግሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እንዳሳይ ተነገረኝ። (ስም አልተጠቀሰም)

መልስ፦ ስልክህን ቤት ትተህ ሂድ፤ «ጣቢያው ስልክ አያስገባም ብዬ ነው» በል። ያለ ስልክ የሄደ ሰው ፎቶ አላነሣህም ተብሎ አይጠየቅም። የጠየቀህን ሰው ስምና ቀን በወረቀት ጽፈህ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ወይም ለምርጫ ቦርድ ማሳወቅ ትችላለህ፤ ከጠየቀህ ሰው ጋር ግን ጣቢያው በር ላይ አትከራከር።